«የክሮሞዞም ሐኪም የት ነው የማገኘው?» ለኮምቦልቻው ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ 33 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ከተጋባን 5 ዓመት ሆነን፤ ልጅ አልመጣም። ባለቤቴ ደሴ ላይ ያልተመረመረችው ነገር የለም፤ ምንም አልተገኘባትም። ዘንድሮ እኔ ስመረመር ሁለት ጊዜ ስፐርም ዜሮ ተባልኩ። ሆርሞን ታየ፤ ቴስቶስትሮን 1.9፣ ኤፍኤስኤች 34 ነው። በመጨረሻ ደሜ ለክሮሞዞም ምርመራ ተልኮ 47 ኤክስኤክስዋይ የሚል ውጤት መጣ። ከዚያ ወዲህ ግራ ገብቶኛል። አንዱ ዩሮሎጂስት ጋ ሂድ ይላል፣ አንዱ የሆርሞን ሐኪም፣ ሌላው ሕንድ ካልሄድክ አይሆንም ይላል። ፋርማሲ የሚሠራ ጓደኛዬ ደግሞ የወንድ ሆርሞን መርፌ በየ3 ሳምንቱ ብትወጋ ይስተካከላል ብሎ አምጥቶልኛል። ግማሽ ሴት ነህ ማለት ነው ያለኝ ሰውም አለ። የክሮሞዞም ሐኪም የት ነው የማገኘው? መርፌውን ልጀምር? ለቤተሰብስ መናገር አለብኝ ወይ?»

መርፌውን አይጀምሩ። ጓደኛዎ ያመጣልዎትን እንዳለ መልሰው ይስጡት። ሌላው ሁሉ አንድ ወርም ሁለት ወርም ቢዘገይ ችግር የለውም። ይሄኛው ግን ዛሬ ማታ ሊደረግ የሚችል ነገር ስለሆነ አስቀደምኩት። ምክንያቱን ወረድ ብዬ አብራራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «የክሮሞዞም ሐኪም» ብለው ፍለጋ ከወጡ ዓመት ይፈጅብዎታል፤ መጨረሻ ላይም ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ። ክሮሞዞም፣ ማለትም በየሴሉ ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከመው ክር፣ አይታከምም። እርስዎ ላይ የተገኘችውን ትርፍ ክሮሞዞም፣ ኤክስ የምትባለውን፣ ከሰውነትዎ ውስጥ የሚያወጣ መድኃኒት ሕንድም የለ፣ አሜሪካም የለ። የሚታከመው እሷ ያስከተለችው ነገር ነው። ያ ደግሞ አንድ ነገር አይደለም። የልጅ ጉዳይ አለ። የሆርሞን ማነስ አለ። አጥንት አለ፣ ስኳር አለ፣ ጡት አለ። ሁሉም የየራሱ ባለሙያ አለው። ስለዚህ ሐኪም ሲመርጡ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የበሽታ ስም አይዩ። አሁን መጀመሪያ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ የቱ ነው ብለው ይጠይቁ። የእርስዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ልጅ ነው።

እስከዚያው የያዙት ነገር ምን እንደሆነ በደንብ ይወቁት። ክላይንፌልተር ሲንድረም ይባላል። ሃሪ ክላይንፌልተር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1942 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ምልክቶቹን ጻፈ፤ ምክንያቱ ትርፍ ኤክስ መሆኑ የታወቀው ግን በ1959 ነው። ወንድ ብዙውን ጊዜ 46 ክሮሞዞም አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ። እርስዎ አንድ ኤክስ ጨምረው 47 ሆነዋል። ትርፏ የመጣችው የእናትዎ እንቁላል ወይም የአባትዎ ስፐርም ሲሠራ ክሮሞዞሞቹ እኩል ሳይካፈሉ ቀርተው ነው። ከእናትም ከአባትም የመምጣት ዕድሉ ተቀራራቢ ነው። እናትዎ በእርግዝና ጊዜ የበሉት ወይም የደረሰባቸው ድንጋጤ ያመጣው አይደለም። ከዘር ማንዘር የሚወርድም አይደለም፤ ወንድሞችዎ መመርመር አያስፈልጋቸውም።

«ግማሽ ሴት» ላለዎት ሰው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። ጽንስን ወንድ የሚያደርገው ዋይ ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ነው። እርስዎ ዋይ አለዎት። ኤክስ አንድ ሆነ ሁለት፣ ወንድ ነዎት። ብርቅም አይደሉም። ከ600 ወንዶች አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። የደሴንና የኮምቦልቻን ሕዝብ ደምረው ቢያስቡት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ይኖራሉ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሳያውቁት ኖረው ሳያውቁት ያልፋሉ። እርስዎም ልጅ ባይፈልጉ ኖሮ ላያውቁት ይችሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለቤትዎ ለዓመታት ስትመረመር የእርስዎ ምርመራ ዘንድሮ መጀመሩ አበሳጭቶኛል። የእርስዎ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ልማዱ ነው። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ውጤቱም ብዙ ሳይቆይ ይደርሳል። ሴቲቱ ማህፀኗ ውስጥ ቀለም ተረጭቶ ራጅ ከመነሳቷ በፊት መደረግ ያለበት እሱ ነው። ይህን የምታነቡ ባለትዳሮች፣ ባልየው መጀመሪያ ይመርመር።

አሁን ውጤቶቹን እንያቸው። ኤፍኤስኤች 34 ከፍተኛ ነው። ይህ ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ እጢ እየተነሳ የዘር ፍሬውን «ሥራ» የሚል ነው። ፍሬው ሳይሠራ ሲቀር፣ ሰሚ ያጣ ሰው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርገው ሁሉ እጢዋም ሆርሞኑን ትጨምራለች። ስለዚህ ችግሩ ያለው ፍሬው ላይ ነው። «ዘር የሚያበዛ» ተብሎ የሚሸጥ ቫይታሚን፣ ማርም ሆነ የሀበሻ መድኃኒት ይህን አይለውጠውም። ዱአውም ጸበሉም የራስዎ ነው፤ እኔ አልከለክልም። ምንነቱ ያልታወቀ ብልቃጥ ግን አይጠጡ።

ቴስቶስትሮን 1.9 ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከጎኑ የተጻፈውን መለኪያ ይዩ። አንዱ ላብራቶሪ 1.9 ብሎ የሚጽፈውን ሌላው 190፣ ሌላው 6.6 ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱም ያው ናቸው፤ መለኪያቸው ነው የሚለያየው። ሰው አንዱን ውጤት ከሌላው ጋር እያስተያየ «ወረደብኝ»፣ «ጨመረልኝ» እያለ ሲጨነቅ አያለሁ። በየትኛውም ቢጻፍ የእርስዎ ዝቅተኛ ነው። ግን ደሙ የተወሰደው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ምግብም ያወርደዋል። ስለዚህ መለካት ያለበት ምንም ሳይበሉ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም በተለያየ ቀን ሁለት ጊዜ። ከኮምቦልቻ ተነስተው የሐረጎን ዳገት ወጥተው፣ ደሴ ላይ ካርድ አውጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው ደም ሲሰጡ 6 ሰዓት ይሆናል። እዚያው ኮምቦልቻ ጠዋት ቢሰጡ ይሻላል። ሌላም አለ። የሌሊት ፈረቃ ሠርተው፣ እንቅልፍ ሳያገኙ በቀጥታ ወደ ላብራቶሪ አይሂዱ። የቀን ፈረቃ ላይ ባሉበት ሳምንት፣ ጥቂት ሌሊት በደንብ ተኝተው ይሂዱ። ይህን ማንም አይነግርዎትም፤ ውጤቱን ግን ያዛባል።

ስለ «ዜሮው»ም አንድ ጥያቄ ይጠይቁ። ላብራቶሪው ፈሳሹን በማሽን አሽከርክሮ ዝቃጩን አይቷል ወይ? ጠብታ ብቻ ታይቶ ዜሮ ማለት አይበቃም። በዝቃጩ ውስጥ አንድ ሁለት ስፐርም የሚገኝባቸው ሰዎች ጥቂት ቢሆኑም አሉ። ለእነሱ መንገዱ ይቀላል። ደግመው ሲሰጡ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ተቆጥበው ይሁን።

ወደ ሐኪሞቹ ልምጣ።

ጉዳይዎን ጠቅልሎ መያዝ ያለበት የሆርሞን ሐኪም ነው። ኢንዶክራይኖሎጂስት ይባላል። መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሆኖ፣ ከዚያ በሆርሞን ሰብ ስፔሻሊቲ የሠራ ነው። በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሆርሞን ክፍል አለው። ብዙ ሰው የሆርሞን ሐኪም ማለት የስኳርና የእንቅርት ሐኪም ይመስለዋል። ልክ ነው፣ ቀኑን የሚሞላቸው ስኳርና እንቅርት ነው። የዘር ፍሬ ሆርሞንም ግን ሥራቸው ነው። እርስዎ ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ ክትትል ስለሚያስፈልግዎት፣ ሌሎቹ ሐኪሞች መጥተው ሲሄዱ እሱ ይቆያል።

ዩሮሎጂስቱስ? «ዩሮሎጂስት ጋ ሂድ» ያለዎት ሰው አልተሳሳተም፤ ግን ተራው ገና ነው። ዩሮሎጂስት ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ነው። አብዛኛው ሥራው የኩላሊት ጠጠር፣ ፕሮስቴትና የሽንት መዘጋት ነው። እርስዎ የሚያስፈልግዎት በወንድ መካንነት ላይ የሠራው ዓይነት ነው፤ ሁሉም አይሠራበትም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ምናልባት አንድ ቦታ «ከፍሬው ትንሽ ቆርጠን እንይ» ሊሉዎት ይችላሉ። ለማየት ብቻ ተብሎ የሚደረገውን እምቢ ይበሉ። ምክንያቱ በክሮሞዞም ታውቋል፤ መቁረጡ አዲስ ነገር አይነግርም። ፍሬው ድሮም ትንሽ ነው። በዚያ ቁራጭ ውስጥ ስፐርም ቢገኝ እንኳ የሚያቀዘቅዝና የሚያስቀምጥ ላብራቶሪ አጠገቡ ከሌለ ይባክናል። «ቫሪኮሴል (የዘር ከረጢት ደም ሥር ማበጥ) አለብህ፣ እሱን እናስር» የሚባለውም ለእርስዎ መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛው የመካንነት ሐኪም ነው። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ሆኖ በመካንነት ሕክምና ላይ ተጨማሪ የሠለጠነ ማለቴ ነው። በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እንዲህ ያለ ማዕከል አለው፤ ከሰውነት ውጭ ጽንስ የማዳቀል ሕክምና ይሰጣል። የግልም አሉ። እዚህ የሚሄዱት ከባለቤትዎ ጋር ነው። ብቻዎን ሄደው የሚጨርሱት ነገር የለም። የእሷ ዕድሜና የእንቁላሏ ሁኔታ ከእርስዎ ክሮሞዞም እኩል ይመዝናል።

እዚያ የሚነሳው ጉዳይ ይሄ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ስፐርም ባይኖርም ፍሬው ውስጥ እዚህም እዚያም የቀረች የምታመርት ቦታ ልትኖር ትችላለች። በማይክሮስኮፕ እየታየ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና እሷን ፈልገው ስፐርም ያወጣሉ። ከዚያ አንዱን ስፐርም ወደ ባለቤትዎ እንቁላል ውስጥ በመርፌ ያስገባሉ። ቁርጡን እንነጋገር። ልምድ ባካበቱ ትልልቅ የዓለም ማዕከላት ስፐርም የሚገኘው ከ10 ወንዶች ከ4 እስከ 5 በሚሆኑት ነው። ስፐርም ተገኘ ማለት ደግሞ ልጅ ተወለደ ማለት አይደለም፤ ጽንሱ ላይያዝ ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቴስቶስትሮኑ ይበልጥ ሊወርድ ይችላል። ዕድሉ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ አይቀንስም የሚሉም አሉ። እኔ በ33 ዓመት ላለ ሰው «ተረጋጋና ከ5 ዓመት በኋላ ና» አልልም። በዚህ መንገድ የተወለዱት ልጆች አብዛኞቹ ክሮሞዞማቸው ደህና ነው። ይህንንም ማዕከሉ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ አድርጎ ሊያስረዳችሁ ይገባል።

ማዕከሉን ስትመርጡ ስሙን ወይም የቴሌቪዥን ማስታወቂያውን ትታችሁ አንድ ነገር ጠይቁ። ስፐርም ከፍሬ በማይክሮስኮፕ የሚያወጣ ዩሮሎጂስት አብሯችሁ ይሠራል ወይ? የተገኘውንስ የዚያኑ ቀን እዚሁ ታቀዘቅዛላችሁ ወይ? መልሱ «እናያለን» ከሆነ ብራችሁን አታውጡ። ሕንድ የመሄዱ ጉዳይም የሚወሰነው ያኔ ነው። እዚህ የሚሠራ ቡድን ከተገኘ እዚሁ፤ ካልተገኘ ውጭ አገር መሄድ ትርጉም ይኖረዋል። ያኔም ቢሆን ከ10 ከ4 እስከ 5 የሚለውን ቁጥር ልባችሁ ላይ አድርጋችሁ ነው የምትሄዱት። መሬት ሸጦ፣ ዘመድ ሁሉ ተበድሮ «ልጅ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ የሄደ ሰው ሲመለስ የሚደርስበት ከበሽታው የከፋ ነው።

ታዲያ «የዘር ሐኪም» የሚባለው የለም ወይ? ጄኔቲክስን የሚያጠኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ደምዎን አሳድጎ ክሮሞዞሙን የቆጠረው ላብራቶሪም የእነሱ ቤት ነው። ለእርስዎ ዓይነት ጉዳይ ግን የነሱ ድርሻ በአብዛኛው አልቋል። ከውጤቱ ወረቀት ላይ ማረጋገጥ ያለብዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁሉም የታዩት ሴሎች 47 ናቸው ወይስ ከመሃላቸው 46 የሆኑም አሉ? የተቀላቀለ ከሆነ ምልክቱ ቀለል ሊል፣ ስፐርም የመገኘት ዕድሉም ከፍ ሊል ይችላል። የሆርሞን ሐኪሙ ይህን ያነብልዎታል። ምርመራውን መድገም ግን አያስፈልግም፤ ዋጋው የዋዛ አይደለም።

አሁን መርፌውን ላስረዳ። ቴስቶስትሮን ከውጭ ሲገባ ፒቱታሪ «በቂ አለ» ብላ ትእዛዟን ታቆማለች። ፍሬው ውስጥ የቀረች የምታመርት ቦታ ካለች እሷም ሥራ ታቆማለች። መርፌው ከተቋረጠ በኋላ እስክትነቃ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ማለትም «ወንድነት ይጨምራል» ተብሎ የተሰጠዎት መርፌ፣ የቀረችውን የልጅ ዕድል የሚዘጋ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዎ በክፋት አላደረገውም። መርፌው መሸጡን እንጂ ለማን እንደማይሰጥ አልተማረም።

ይህን ስል መርፌው መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይያዙልኝ። የልጅ ጉዳይ አንድ መቋጫ ካገኘ በኋላ ምናልባት ለዕድሜ ልክ ያስፈልግዎታል። ቴስቶስትሮን አልጋ ላይ ብቻ የሚሠራ ሆርሞን አይደለም። ጎድሎ ከቆየ አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይቀንሳል፣ የሆድ ስብ ይጨምራል፣ ደም ማነስ ይመጣል፣ ሰውየው ያለምክንያት ይደክመዋል፣ ይከፋዋል። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ የሚወጋ አለ፤ በ3 ወር አንዴ ገደማ የሚወጋም አለ። የትኛው፣ በስንት መጠን የሚለውን የሚወስነው ሐኪም ነው። ከመጀመሩ በፊትና ከጀመረ በኋላ ደም ያያል፤ መጀመሪያ ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ፣ ከዚያ በዓመት። የሚያየው የደም መወፈርን ነው። ሂማቶክሪት የሚባለው ቁጥር ከ54 በመቶ ካለፈ መርፌው ይቆማል ወይ መጠኑ ይቀነሳል፤ ካልሆነ ደም ሊረጋ ይችላል። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደጋ የሚኖር ሰው ደሙ ከመነሻው ወፈር ሊል ይችላል። ኮምቦልቻ ዝቅ ቢልም ቆላ አይባልም። ስለዚህ የመነሻው ቁጥር ሳይታወቅ መርፌ አይጀመርም።

ቀሪውን ቶሎ ልበለው። ጡት ጎላ ብሎ ከሆነ ብዙ ጊዜ መርፌ አያጠፋውም፤ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ቀዶ ሐኪም ያወጣዋል። በአንድ በኩል ጠንካራ እብጠት ከዳሰሱ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ፤ የጡት ካንሰር በእርስዎ ላይ የመምጣቱ ዕድል ዝቅተኛ ቢሆንም ከሌላው ወንድ ከፍ ይላል። ስኳርና የደም ቅባት በዓመት አንዴ ይታይ። አንድ እግር በድንገት ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው። ትምህርት ቤት ማንበብ ከብዶዎት ከነበረም ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ከዚሁ ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ነው።

ጥሩ ሐኪም በምን ይታወቃል ለሚለው፣ ከማዕረግ ይልቅ ሥራውን እዩ እላለሁ። መጋረጃውን ስቦ፣ ሱሪዎን አስወልቆ የዘር ፍሬዎን በእጁ የማይመረምር ሐኪም ለዚህ ጉዳይ የእርስዎ ሐኪም አይደለም፤ ፕሮፌሰርም ይሁን። የፍሬውን መጠን የሚያመሳክሩበት በክር የተሰካ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ የእንክብል ድርድር አለ። የአዋቂ ወንድ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ነው፤ በክላይንፌልተር አብዛኛውን ጊዜ ከ5 አያልፍም፣ ሲነካም ጠጠር ይላል። እሱ ባይኖረውም እጁ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ቴስቶስትሮን ከመጻፉ በፊት «ልጅ ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ያልጠየቀ ከሆነ ተነስተው ይውጡ። ሦስተኛ፣ «ሙሉ በሙሉ እናድናለን» አይልም። «ይህን ዓይነት ታካሚ ብዙ አላየሁም፤ ለሚያውቀው እጽፍልዎታለሁ» የሚል ሐኪም ካገኙ ያክብሩት። በእኔ ግምት ከብዙ ስመ ጥር ሰው ይበልጣል።

የምመክርዎት ቅደም ተከተል ይሄ ነው። መጀመሪያ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሰዉ አሁንም ደሴ ሪፈራል የሚለው ማለት ነው፣ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ይቅረቡ። የዩሮሎጂውን በር ለጊዜው ይለፉት። ስፔሻሊስቱ ይመረምርዎታል፣ የመነሻ ደም ያያል፣ ቴስቶስትሮኑን በትክክለኛው ሰዓት ያስደግማል፤ ከዚያ ለሆርሞን ሐኪም ሪፈር ይጽፋል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ልጅ ይፈልጋሉ፣ ቴስቶስትሮን አልተጀመረም» የሚል እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ይህች መስመር ብዙ ነገር ታድናለች። ከዚያ አዲስ አበባ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ለአንድ ቀጠሮ ብቻ አይሂዱ። የሆርሞን ሐኪሙንና የመካንነት ማዕከሉን በአንድ ጉዞ፣ በተከታታይ ቀናት እንዲሆን አስቀድመው ይደውሉ፤ ባለቤትዎን ይዘው። ሁሉንም ውጤት፣ የእሷን የራጅ ፊልም ጨምሮ፣ ዋናውን በአንድ ፌስታል፣ ኮፒውን በሌላ ይያዙ። ኮፒውን ስልክዎ ላይም ያንሱት። ከአዲስ አበባ ሲመለሱ የሆርሞን ሐኪሙ የጻፈውን እቅድ ለደሴው የውስጥ ደዌ ሐኪም ያስረክቡ። ቀጣዩ የደም ክትትል፣ መርፌው ከተጀመረም መርፌው፣ እዚሁ ሊደረግ ይችላል። የሆርሞን ሐኪሙን በዓመት አንዴ ቢያዩት ይበቃል።

ይህን መልስ የሚያነብ ወላጅ ካለ አንድ ቃል ልጨምር። ከላይ ያልኩት ለአዋቂ ነው። 14 ዓመት ሞልቶት የዘር ፍሬው ማደግ ያልጀመረ ወንድ ልጅ፣ 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ያልወጣ፣ ወይም ከእኩዮቿ በጣም አጥራ የቀረች ሴት ልጅ ያለችው ሰው የሚሄደው ሕፃናት ሐኪም ጋ ነው። እሱ ወደ ሕፃናት ሆርሞን ሐኪም ይልካል። «ዘግይታ ነው፣ ትደርሳለች» እየተባለ እስከ 18 ሲጠበቅ፣ ሊታከም ይችል የነበረው የቁመት ጊዜ ያልፋል።

ለቤተሰብ መናገር አለብኝ ወይ ላሉት፣ ለባለቤትዎ አዎ፤ ሙሉውን፣ ወረቀቱን አሳይተው። 5 ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የእሷ እየመሰላት ኖራለች። ሐኪሙ ጋም አብራችሁ ግቡ፤ አንድ ሰው ብቻውን ከሚሰማው ሁለት ሰው ቢሰማው ይሻላል። ከዚያ ውጭ ላለው ለማንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም። ሐኪም የእርስዎን ውጤት ለመሥሪያ ቤትዎም ሆነ ለዘመድ ያለፈቃድዎ አይናገርም፤ ሙያው ያስገድደዋል። ዘመዶችዎ «ሴትየዋን ፍታት» ማለት ከጀመሩ ግን ዝም አይበሉ። የበሽታውን ስም መጥራት አይጠበቅብዎትም። «ምርመራው አልቋል፣ ጉዳዩ ከእኔ ነው፣ ሕክምናም ጀምረናል» ቢሉ ይበቃል። ለእናትዎ ከነገሩ ደግሞ «በእኔ ምክንያት ነው» ብለው እንዳይጸጸቱ፣ ምንም ያጠፉት እንደሌለ አብረው ይንገሯቸው።